የደለል ማደሪያ

«ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ይላል የቆየው ብሂል። በክረምት ከደጋው እየተግተለተለ የሚወርደውን፣ የነቀለውን ዛፍ በጀርባው ተሸክሞ ወደ ሩቅ አገር የሚገሰግሰውን ወንዝ ያየ ሰው ሌላ ሊል አይችልም። ይሁን እንጂ ብሂሉ የቆጠረው ዓይን የሚያየውን ግንድ ነው። ወንዙ ከግንዱ ይልቅ አብዝቶ የሚሸከመው አፈር ነው፤ ውኃውን ቡናማ ቀለም የሚያለብሰው ያ የደቀቀ አፈር ደግሞ ማደሪያ አለው። ጎርፉ በተኛበት ሜዳ፣ ወንዙ ሐይቅ ወይም ባሕር ባገኘበት አፍ፣ ውኃው በደከመበት ስፍራ ሁሉ ያርፋል። ካረፈም በኋላ ዘመን ሲጫነው ድንጋይ ይሆናል። የሥነ ምድር ሊቃውንት ሲልትስቶን የሚሉት፣ በአማርኛ የደለል ድንጋይ ሊባል የሚችለው ይህ ነው።

የደለል ድንጋይ ዝና የለውም። እንደ ዕብነ በረድ የቤተ መንግሥት ወለል አልሆነም፤ እንደ ጥቁር ድንጋይ ቤትና አጥር የሚሠራበት ጥቂት ነው፤ ብዙውን ጊዜ መንገደኛ ረግጦት ያልፋል እንጂ ዘወር ብሎ አያየውም። ነገር ግን በሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ የሰው ልጅ ታሪክ በዚህ ድንጋይ ላይ ሁለት ጊዜ ተጽፏል። አንድ ጊዜ የጻፈው ሰው ነው፤ በግብፅ የመጀመሪያዎቹ ነገሥታት ስማቸውን ቀርጸውበታል። ሌላ ጊዜ የጻፈው ውኃ ነው፤ በኦሞና በአዋሽ ሸለቆዎች ከነገሥታት እጅግ ቀድመው የኖሩ ሰዎችና የሰው ዘመዶች አጥንት በደለል ተሸፍኖ ቆይቷል። ሁለቱም ጽሑፎች የሚነበቡት ድንጋዩ ከየት እንደመጣና የት ተኝቶ እንደነበር ሲታወቅ ነው። ከማደሪያው የተነጠለ ደለል ግን አፈር ብቻ ነው።

ከአሸዋ ያነሰ፣ ከሸክላ የበለጠ

በዕለት ንግግር ደለል ማለት ጎርፍ ያመጣው አፈር ሁሉ ነው። በሥነ ምድር ግን መጠኑ ተለክቶ የተወሰነ ነው። የአንዱ ቅንጣት ስፋት ከ1/16 ሚሊሜትር ካነሰና ከ1/256 ሚሊሜትር ከበለጠ ደለል ይባላል፤ ከዚያ በላይ ያለው አሸዋ፣ ከዚያ በታች ያለው ሸክላ ነው። የመስክ ባለሙያዎች አጉሊ መነጽር ባልያዙበት ጊዜ የሚጠቀሙበት የቆየ ዘዴ አለ። ከድንጋዩ ጥቂት ፍቀው በፊት ጥርሳቸው ይነክሱታል። እንደ ቅቤ ከለሰለሰ ሸክላ ነው፤ ቅንጣቱ ለዓይን ሳይታይ ጥርስን ካንገጫገጨ ደለል ነው። አፈሩ ሳይበጠር ከተፈጨ ጤፍ የተጋገረ እንጀራ የቀመሰ ሰው ስሜቱን አያጣውም።

ይህ የመጠን ልዩነት ተራ የመለኪያ ጉዳይ አይደለም፤ የድንጋዩን የልደት ስፍራ ይናገራል። ወንዝ ጉልበቱ መቀነስ ሲጀምር አስቀድሞ ጠጠሩን፣ ቀጥሎ አሸዋውን ይጥላል። ሸክላው እጅግ ቀላል በመሆኑ ውኃው ፈጽሞ እስኪረጋ ድረስ ተንሳፎ ይቆያል። ደለል በሁለቱ መካከል ነው፤ የሚወርደው ውኃው መሮጡን ትቶ መራመድ ሲጀምር ነው። ስለዚህ የደለል ድንጋይ በተገኘበት ስፍራ ሁሉ በአንድ ወቅት የዝግታ ውኃ ነበረ ማለት ነው። ከዳርቻው የሞላ ወንዝ የተኛበት ሜዳ፣ ዴልታ፣ የሐይቅ ወለል፣ ወይም ከአህጉር ዳርቻ ወደ ጥልቁ ባሕር የሚንሸራተት ጭቃ የሚያርፍበት ቁልቁለት ሊሆን ይችላል። አንዳንዴ ተሸካሚው ነፋስ ነው፤ በሰሜን ቻይና ከፍተኛ ሜዳ ላይ የተከመረው ቢጫ አፈር በነፋስ የመጣ ደለል ነው።

ያረፈው ደለል ድንጋይ የሚሆነው በሁለት ነገር ነው፤ በክብደትና በማጣበቂያ። በላዩ የሚከመረው አዲስ ንብርብር ከሥር ያለውን እየተጫነ ውኃውን ያስወጣዋል። በቀረው ቀዳዳ የሚመላለሰው የከርሰ ምድር ውኃ ደግሞ የኖራ፣ የሲሊካ ወይም የብረት ዝገት ይዞ ገብቶ ቅንጣቶቹን ያያይዛቸዋል። ብረቱ ድንጋዩን ቀይ ወይም ቡናማ ያደርገዋል፤ አየር ባልደረሰበት ወለል ያረፈው ግራጫ ወይም አረንጓዴ መልክ ይይዛል። እንደ መጽሐፍ ገጽ እየተገነጠለ ከሚነሣው የሸክላ ድንጋይ የሚለየውም፣ ሲመቱት በቅጠል ሳይሆን በጉብታ መሰበሩ ነው።

የደቀቀና ገር በመሆኑ ደለል የሞተን ነገር ሳይሰብር ይሸፍናል። ጠጠርና አሸዋ የሚያንከባልል ውኃ አጥንትን ያደቅቃል፤ ደለል ግን ያለብሰዋል። በደቡብ አፍሪካ የካሩ በረሃማ ሜዳ ከ250 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የነበሩ፣ የጡት አጥቢዎች የሩቅ ዘመድ የሆኑ እንስሳት አጥንት በብዛት የሚወጣው ከጭቃና ከደለል ድንጋይ ነው። በካናዳ ሰሜናዊ ጫፍ፣ በኤልዝሚር ደሴት፣ እ.ኤ.አ. በ2004 የተገኘውና ቲክታሊክ የተባለው፣ ከዓሣነት ወደ ባለ እግርነት የሚደረገውን ሽግግር ያሳየው የ375 ሚሊዮን ዓመት ፍጡርም ያረፈው በጥንት ወንዝ ደለል ውስጥ ነበር። አንዱ ስፍራ ዛሬ ደረቅ ሜዳ፣ ሌላው የበረዶ ምድር ነው፤ ድንጋዩ ግን ሁለቱም በአንድ ዘመን ወንዝ የሚተኛባቸው ሜዳዎች እንደነበሩ ይመሰክራል።

የፈርዖኖቹ ድንጋይ

በላይኛው ግብፅ ቅፍጥ ከምትባል የናይል ዳር ከተማ ተነሥቶ በምሥራቁ በረሃ በኩል ወደ ቀይ ባሕሯ ወደብ ወደ ቁሴር የሚዘልቅ ደረቅ ሸለቆ አለ፤ ስሙ ዋዲ ሐማማት ነው። የሸለቆው ገደሎች የቆሙት ከ600 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ወንዞች ባወረዱት አሸዋና ደለል ነው። የምድር ግፊትና ሙቀት ይህን ደለል ከተራው የደለል ድንጋይ ይልቅ አጠንክሮታል፤ መልኩ ግራጫ ሆኖ ወደ አረንጓዴ ያደላል፤ ሲወለወል ያበራል፤ ጥቃቅን ቅርጽም ሳይፈርስ ይይዛል። የጥንት ግብፃውያን ቤኸን ይሉት ነበር። በኋላ ዘመን የመጡ አጥኚዎች ግን ብዙ ጊዜ ስሙን ስተውታል፤ በቆዩ መጻሕፍትና በሙዚየም ጽሑፎች ላይ «ሺስት» ወይም «ስሌት» ተብሎ ይገኛል።

የመጀመሪያው ጥቅሙ ከዓይን ጋር የተያያዘ ነበር። ነገሥታት ከመነሣታቸው በፊት የኖሩት የናይል ዳር ሰዎች ኩላቸውን የሚፈጩት ከዚህ ድንጋይ በተሠራ ስስ ሰሌዳ ላይ ነበር። አረንጓዴውን የመዳብ ድንጋይና ጥቁሩን የእርሳስ ማዕድን አድቅቀው ዓይናቸውን ይኳሉበታል። ሰሌዳዎቹ በዓሣ፣ በኤሊ፣ በወፍ አምሳል ተቀርጸው ከሟቹ ጋር ይቀበሩ ነበር።

ከእነዚህ የኩል ሰሌዳዎች ዝነኛው የናርሜር ሰሌዳ ነው። ሂራኮንፖሊስ በተባለው ጥንታዊ ከተማ፣ በቤተ መቅደስ ፍርስራሽ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1897 እና በ1898 መካከል በተደረገው ቁፋሮ ወጣ። ቁመቱ 64 ሴንቲሜትር ገደማ ሲሆን፣ የተቀረጸው ከክርስቶስ ልደት 3,100 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ነው። በአንደኛው ገጽ ንጉሡ የላይኛውን ግብፅ ነጭ ዘውድ ደፍቶ ጠላቱን ሊመታ ዱላውን አንሥቷል፤ በሌላኛው ገጽ የታችኛውን ግብፅ ቀይ ዘውድ ደፍቶ በሠራዊቱ ፊት ይሄዳል። ስሙ የተጻፈው በአምባዛ ዓሣና በመሮ ሥዕል ነው። አንገታቸው እንደ እባብ የረዘመ ሁለት አውሬዎች በተጠላለፉበት መካከል ኩል የሚፈጭበት ክብ ጉድጓድ ቀርቷል። አንድ መንግሥት የተመሠረተበትን ድል የሚያበስረው ድንጋይ ከመሠረቱ የመኳኳያ ዕቃ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ነገሥታቱ ሐማማትን አልለቀቁትም። በጊዛ ሦስተኛውን ፒራሚድ ያሠራው መንካውራ ከአማልክት ጋር የቆመባቸው ምስሎች ከዚህ ድንጋይ የተፈለፈሉ ናቸው፤ ዛሬ በካይሮና በቦስተን ይታያሉ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2,000 ዓመት ገደማ አራተኛው መንቱሆቴፕ የሬሳ ሣጥኑን ድንጋይ እንዲያመጣ ሹሙን አመነምሃትን ከ10,000 ሰዎች ጋር ሰደደው። በገደሉ ላይ የተቀረጸው ጽሑፍ አንድ ድንቅ ነገር ይተርካል። ነፍሰ ጡር ሚዳቋ ከሕዝቡ ሳትሸሽ ዐይኗን ወደፊት አድርጋ መጣች፤ ለሣጥኑ ክዳን በሚሆነው ድንጋይ ላይ ደርሳም ወለደች። ሠራተኞቹ ይህን የአምላክ ምልክት አድርገው ወሰዱት፤ ሚዳቋዋን በዚያው ድንጋይ ላይ ሠዉአት፤ ድንጋዩንም ይዘው ወረዱ።

ከዚያ 850 ዓመት ያህል ቆይቶ አራተኛው ራምሴስ ከ8,000 በላይ ሰዎች ወደዚያው ሸለቆ ላከ። የዘመቻው መታሰቢያ ጽሑፍ ሹማምንቱን፣ ወታደሮቹን፣ ድንጋይ ጠራቢዎቹን በየማዕረጋቸው ከቆጠረ በኋላ የሞቱትን 900 ሰዎች ይጠቅሳል። ድንጋዩ የተገዛበት ዋጋ በድንጋዩ ላይ ተጽፎ የቀረው እንዲህ ነው። ውኃ በሌለበት በረሃ፣ ውኃ ከመቶ ሚሊዮኖች ዓመታት በፊት የተወውን ደለል ፍለጋ፣ ብዙዎች በሐሩር አልቀዋል።

ከዚሁ ዘመቻ ጋር የተያያዘ አንድ ሌላ ቅርስ አለ። በጣሊያኗ ቱሪን ከተማ በግብፅ ሙዚየም የሚገኘው የፓፒረስ ካርታ፣ አመንናኽት በተባለ ጸሐፊ እጅ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1150 ገደማ የተሠራ ሲሆን፣ የሐማማትን ሸለቆ ያሳያል። ኮረብቶቹ እንደ ድንጋያቸው ዓይነት በጥቁርና በሮዝ ቀለም ተለይተዋል፤ የወርቅ ማውጫው፣ የቤኸን ድንጋይ መፍለጫው፣ የውኃ ጉድጓዱ፣ መንገዶቹ ተመልክተዋል። እስካሁን ከታወቁት የድንጋይ ዓይነትን የሚለዩ ካርታዎች ሁሉ በዕድሜ ቀዳሚው ይኸው ነው። ካርታው ሲዘረጋ ደቡቡ ወደ ላይ ነው። ለናይል ልጆች «ላይ» ማለት ውኃው የሚመጣበት አቅጣጫ ነበርና።

ወደ ፑንት የሚወስደው መንገድ

የሐማማት ሸለቆ የድንጋይ መፍለጫ ብቻ አልነበረም፤ ወደ ቀይ ባሕር የሚያወጣ በርም ነበር። የሦስተኛው መንቱሆቴፕ ሹም የነበረው ሄኑ በንጉሡ 8ኛ ዓመት 3,000 ሰዎች አስከትሎ በዚህ መንገድ ሲሄድ ለእያንዳንዱ ሰው በየቀኑ ሁለት ማሰሮ ውኃና 20 ዳቦ ይሰጥ እንደነበር በገደሉ ላይ አስቀርጿል። በመንገዱ ጉድጓድ አስቆፈረ፤ ባሕሩ ዳር ሲደርስ መርከብ አሠርቶ ወደ ፑንት ላከ። ከፑንት የመጣውን ከርቤ ይዞ ሲመለስ፣ በሐማማት ቆሞ ለቤተ መቅደስ ምስሎች የሚሆን ድንጋይ አስፈለጠ። ዕጣኑና ድንጋዩ በአንድ ጉዞ ወደ ናይል ወረዱ።

ፑንት የት ነበረች የሚለው ክርክር ረጅም ቢሆንም፣ ከዚያ ወደ ግብፅ የሄዱት ዝንጀሮዎች አንድ ፍንጭ ሰጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት በግብፅ መቃብሮች የተገኙትን የደረቁ ዝንጀሮዎች ጥርስና አጥንት መርምሮ፣ የአንዳንዶቹ የትውልድ ስፍራ የዛሬዎቹን ኤርትራ፣ ኢትዮጵያ፣ ጅቡቲና የሶማሊያን ከፊል በሚያካትት አካባቢ እንደሆነ አመልክቷል። ዘዴው ከደለል ጋር ዘመድ ነው። እንስሳው በልጅነቱ የበላው ሣርና የጠጣው ውኃ የበቀሉበትን አፈር፣ አፈሩም የተፈጨበትን ድንጋይ ምልክት ይይዛል፤ ምልክቱ በጥርሱ ውስጥ ይቀራል። ሄኑ ዕጣን ፍለጋ የላከባት አገርና ናይልን የሚያጠግበው ደለል የሚነሣበት ምድር በዚህ መንገድ ይቀራረባሉ።

ወንዙ ራሱ የጻፈው

ከቀይ ባሕሩ በስተደቡብ ያለው ምድር የራሱ የደለል ድንጋይ ሞልቶታል፤ ነገር ግን እንደ ሐማማት በንጉሥ መሮ የተቀረጸ አይደለም። በትግራይ፣ ከዐድዋ ብዙም ሳይርቅ፣ በዕዳጋ ዓርቢ ስም የሚጠራ የድንጋይ ንብርብር አለ። ከ300 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ ይህ ምድር ከደቡብ ዋልታ ብዙም ባልራቀበት ዘመን፣ የበረዶ ግግር የፈጨው ደለል በቀጭን ንጣፍ ተነጥፎ ድንጋይ ሆኗል፤ በመካከሉም ከሚቀልጥ በረዶ የወደቁ ድንጋዮች ተሰክተው ይታያሉ። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የሚሻገር መንገደኛ በዓባይ በረሃ ገደል ላይ ሌላ ምዕራፍ ያያል። ከታች አሸዋ ድንጋይ፣ ከዚያ ከጂፕሰም ጋር የተፈራረቀ የጭቃና የደለል ድንጋይ፣ ከዚያ የኖራ ድንጋይ፣ ከሁሉ በላይ ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰው ጥቁር ድንጋይ ተደራርበዋል። ባሕር ወደዚህ ምድር ገብቶ መውጣቱን የሚናገሩ ገጾች ናቸው።

ዓለም የሚያውቃቸው ገጾች ግን ከዚህ እጅግ ያነሰ ዕድሜ አላቸው። በአፋር፣ በሐዳር፣ የጥንት ወንዝና ሐይቅ የተወው ደለል፣ ሸክላና አሸዋ በእሳተ ገሞራ አመድ እየተለየ ተከምሯል። የስፍራውን ጥቅም አስቀድሞ የተረዳው ፈረንሳዊው የሥነ ምድር ሊቅ ሞሪስ ታይብ ነበር። እ.ኤ.አ. ኅዳር 24 ቀን 1974 ዶናልድ ጆሃንሰንና ቶም ግሬይ ከአንድ ቁልቁለት ላይ ያገኟት ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በዚህ ንብርብር ውስጥ ተኝታለች። የገለጣት ዝናብ ነው፤ ከጥቂት ክረምት በኋላ ያው ዝናብ አጥንቷን ወደ ወንዝ ሊወስደው ይችል ነበር።

የደለል ማደሪያ ምን ያህል እንደሚከብድ በግልጽ የሚያሳየው ግን የታችኛው ኦሞ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በሪቻርድ ሊኪ የተመራው የኬንያ ቡድን በኪቢሽ አካባቢ ሲፈልግ፣ ካሞያ ኪሜው የተባለው ዝነኛ ኬንያዊ አጥንት ፈላጊ የአንድ ሰው ቅሪት አገኘ። የራስ ቅሉ ክብ፣ አገጩ የወጣ፣ በሁሉ ነገሩ እንደ ዛሬ ሰው ነበር። ያረፈው የኦሞ ወንዝ ዛሬ ቱርካና ወደሚባለው ሐይቅ ይገባበት በነበረበት የጥንት ዴልታ ደለል ውስጥ ነው። በዚያን ጊዜ በአቅራቢያው ከተገኘ ዛጎል በተደረገ ልኬት 130,000 ዓመት ተገመተ። ብዙዎች ግን ተጠራጠሩ፤ አጥንቱ በእርግጥ ከዚያ ንብርብር መውጣቱን ማን ያረጋግጣል ተባለ።

መልሱ የመጣው ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው። ተመራማሪዎች ወደ ኪቢሽ ተመልሰው ስፍራውን ዳግም አገኙት፤ ከዚያው ደለልም ተጨማሪ ስብርባሪ አጥንቶችን ለቀሙ። ከእነርሱ አንዱ የጭን አጥንት ቁራጭ በ1967 ከተገኘው ቁራጭ ጋር ገጠመ። ደለሉ ቃሉን ጠብቆ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 ከአጥንቱ በታች ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ ተለክቶ የሰውየው ዕድሜ 195,000 ዓመት ገደማ መሆኑ ታተመ። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ከአጥንቱ በላይ ያለው አመድ፣ በስምጥ ሸለቆው የሻላ እሳተ ገሞራ ካፈነዳው አመድ ጋር አንድ መሆኑ ታውቆ፣ ዕድሜው ቢያንስ ወደ 233,000 ዓመት ከፍ አለ። አጥንቱ ራሱ በእነዚህ ዓመታት ምንም አልተለወጠም፤ የተለወጠው ንባቡ ነው። ያን ሰው ከደለሉ አውጥቶ ያለ ምልክት መደርደሪያ ላይ ያስቀመጠ ቢኖር ኖሮ፣ ዕድሜውን ሊነግር የሚችል ነገር ሁሉ አብሮ በጠፋ ነበር።

የ2005ቱ ጥናት ሌላም ነገር አስተዋለ። በሜዲትራኒያን ባሕር ወለል ላይ ጥቁር የጭቃ ንብርብሮች አሉ። እነዚህ የተፈጠሩት የደጋው ዝናብ በበረታበት፣ ናይል ከልኩ አልፎ በሞላበት ዘመን ነው፤ ቀላሉ የወንዝ ውኃ በባሕሩ ላይ ተንጣሎ ወለሉን አየር ያሳጣው ነበር። የኪቢሽ የደለል ንብርብሮች የተነጠፉትም ከእነዚሁ ዘመናት ጋር የሚገጥሙ ሆነው ተገኙ። በአንድ ደጋ ላይ የዘነበ ዝናብ ከፊሉ በኦሞ ወደ ደቡብ፣ ከፊሉ በዓባይ ወደ ሰሜን ወርዶ በሁለት ባዕድ ስፍራዎች አንድ ቀን ጽፏል። የታችኛው ኦሞና የታችኛው አዋሽ ሸለቆዎች እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆነው የተመዘገቡት እነዚህን ገጾች ስለያዙ ነው።

የዛሬው ደለል ወዴት ያድራል?

የደለል ድንጋይ ታሪክ ያለፈ ዘመን ታሪክ ብቻ አይደለም፤ ወንዞቹ ዛሬም ይጽፋሉ። ወደ ዋናው ናይል ከሚገባው ደለል ከዘጠና በመቶ በላይ የሚሆነው የሚነሣው ከኢትዮጵያ ደጋ ነው፤ አብዛኛውን ዓባይ፣ ቀሪውን ተከዜና አትባራ ያወርዱታል። የግብፅ እርሻ ለሺህ ዓመታት የቆመው በዚህ ነበር፤ በየክረምቱ ማብቂያ የሚተኛው ጎርፍ ማዳበሪያውን ከነአፈሩ ያደርስ ነበርና። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1970 ካለቀ ወዲህ ግን ያ ደለል ከግድቡ ኋላ በናስር ሐይቅ ይቀራል። በሌላኛው ጫፍ፣ አዲስ ደለል ያጣው የናይል ዴልታ የባሕር ዳርቻ በሞገድ እየተበላ ነው።

በመንገዱም ላይ ሌሎች ማደሪያዎች ተሠርተዋል። በሱዳን የሰናር ግድብ እ.ኤ.አ. በ1925፣ የሮሰሪስ ግድብ በ1966 ተጠናቀዋል። በአትባራ ወንዝ ላይ በ1964 የተሠራው የኸሽም ኤል ጊርባ ግድብ ሲሠራ ከነበረው የውኃ ማጠራቀሚያ ከግማሽ በላዩን ደለል ወስዶበታል። በአዋሽ ላይ እ.ኤ.አ. በ1960 የተመረቀው የቆቃ ግድብም ከዚሁ ዕጣ አላመለጠም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 የተመረቀው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ደግሞ ለዓባይ ደለል ከድንበሩ ከመሻገሩ በፊት የተዘጋጀ የመጀመሪያው ሰፊ ማደሪያ ሆኗል። ውኃው ሲደክም ደለል ይወርዳል፤ ግድብ ማለት ደግሞ ውኃን በፈቃድ ማድከም ነው። ስለዚህ የግድቡ ዕድሜ የሚወሰነው ከግድቡ ግንብ ጥንካሬ ይልቅ ከእርሱ በላይ ባለው ተዳፋት ላይ ነው።

በዚያ ተዳፋት ላይ ያለው ገበሬ ደግሞ ነገሩን በሌላ በኩል ያውቀዋል። ወደ ታች የሚወርደው ደለል ከእርሱ ማሳ የተወሰደ የላይኛው አፈር ነው፤ ጤፉና ስንዴው የሚቆምበት። አንድ ጣት ውፍረት ያለው አፈር ከድንጋይ እስኪወለድ ድረስ መቶ ዓመታት ያልፋሉ፤ ያልተጠበቀ ተዳፋት ግን ያን ያህሉን በጥቂት ክረምት ይነጠቃል። ዝናብ ደጋውን መሸርሸሩ የተፈጥሮ ሕግ ነው፤ ኪቢሽንም ሐዳርንም የሰጠው እርሱ ነውና። ልዩነቱ በፍጥነቱ ላይ ነው። ደን ሲመነጠርና ቁልቁለት ያለ ክትር ሲታረስ የሺህ ዓመቱ ገጽ በአንድ ትውልድ ይገለበጣል።

ኮንሶዎች ለዚህ የሰጡት መልስ ዕድሜው በመቶዎች ዓመታት የሚቆጠር ነው። ደረቅና ድንጋያማ ኮረብታቸውን በድንጋይ እርከን ከፋፍለው ጎርፉን በየደረጃው ያስቆሙታል፤ በቆመበትም ይዞት የመጣውን አፈር ይተውላቸዋል። ዩኔስኮ ይህን መልክዐ ምድር እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። በትግራይ፣ በወሎና በሌሎችም ደጋዎች በየዓመቱ ከመኸር በኋላ ገበሬው በዘመቻ የሚሠራው እርከንና ክትርም ዓላማው አንድ ነው፤ ደለል ከመሰደዱ በፊት በተወለደበት ማሳ ማደሪያ ማበጀት። እርከን ሠሪው ከላይ፣ ግድብ ጠባቂው ከታች የሚሟገቱት ከአንድ ጭነት ጋር ነው። ከላይ የቀረ አፈር ዘንድሮ እህል ይሆናል፤ ከላይ ያመለጠው ግን ከግድብ ኋላ ባለ ሐይቅ ወለል ላይ ተጭኖ፣ እህል የማይዘራበት ድንጋይ ለመሆን ዘመኑን ይጠብቃል።